ካሳው በየትኛው መስኮት ነው የሚሰጠው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለዚያ ተከታታይ ድራማ የወጣውን ሐተታ አነበብኩ። ቤቱ ፈርሶበት ደላላ ስለሆነው ልጅ የሚያወራውን ማለቴ ነው። ጸሐፊያችሁ ልጁን «ካሳውን ተቀብሎ የጨረሰ፣ ከዚያ ወደ ማጭበርበር የገባ» ብሎ በአንድ መስመር ፈርዶበታል። ድራማውን እኔም አይቻለሁ። ልጁና እናቱ የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነው። ገና በመጀመሪያው ክፍል እናትየዋ የኪራይ ደረሰኝ ስትደረድር ትታያለች! ታዲያ ካሳው ከየት መጣ? መስኮቱን ጠቁሙንና እንሰለፍ። ብዙ ነን።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ነዋሪው ዕድሜውን ሙሉ ቢኖርበት፣ ጣሪያ ቢቀይር፣ ኩሽና ቢቀጥል፣ ተከራይ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ የቤት ካሳ የሚታሰበው ለባለቤት ነው። ለቀበሌ ተከራይ የሚቀርብለት ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ነው፤ ኮንዶሚኒየሙም ቅድሚያ ክፍያ አለው። ትንሽ ስህተት ትመስላለች አይደል? ግን የልጁን ሞራል የመዘናችሁት በእሷ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ ያባከነ ልጅ ብኩን ነው። ምንም ያልተቀበለ ልጅ ግን ሌላ ታሪክ አለው።

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ነው። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ሲነሳ የእናቴ ፋይል «ጠፋ»። ደረሰኞቿን በፌስታል ይዛ ሄደች። የተቀመጠው ባለሙያ ቀና ብሎም ሳያያት «እማማ፣ ሲስተም ላይ የሉም» አላት። ደጅ የቆመው ጎረምሳ ግን ፋይሉ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ሳይቀር ያውቅ ነበር። የተጠየቀው ተሰጠ፤ ከምሳ በኋላ ፋይሉ ተገኘ። ተአምር! እናቴ ባለሱቁ ተሳስቶ ትርፍ መልስ ቢሰጣት በዝናብ ተመልሳ የምትሄድ ሴት ናት። ያን ቀን ግን «ስጣቸውና እንገላገል» ነው ያለችኝ። ለጎረቤት ስትነግር ደግሞ ማንም አልደነገጠም። «ስንት ጠየቁሽ?» አሏት፣ ልክ የቲማቲም ዋጋ እንደሚጠየቅ።

ድራማው ይህን ነገር በደንብ ይዞታል። ልጁ መጀመሪያ የዋሸው መሥሪያ ቤቱን ነው። ፋይሉ እንዲከፈል ብሎ የእህቱን የውሸት የፍቺ ወረቀት ያሠራው እናቱ፣ እህቱና የእህቱ ባል በአንድ ፋይል ተጨፍልቀው አንድ ስቱዲዮ ስለደረሳቸው ነው። ደግ አደረገ አልልም። ግን ያኔ ድንበር ነበረው። የጎረቤት ገንዘብ አይነካም፣ ለአሮጊት ማመልከቻ ሲጽፍ አያስከፍልም። እውነተኛ ደረሰኝ ያላት እናቱ ስትባረር፣ የተሰረዘና የተደለዘ ወረቀት ያመጣው ሰውዬ ባለሁለት መኝታ ሲረከብ በዓይኑ አይቷል። ከዚህ ምን እንዲማር ነበር የፈለጋችሁት?

ሌላም አለ። የኮንዶሚኒየም ዕጣውን ትዕይንት ሐተታችሁ «የተጋነነ ፈጠራ» ብሎታል። እንዴ! በሐምሌ 2014 የ25,791 ቤቶች ዕጣ ወጥቶ፣ ሰው እልል ብሎ ሳያበቃ፣ የከተማ አስተዳደሩ ራሱ መረጃው ተነካክቷል ብሎ ሰረዘው እኮ። ሰዎች ታሰሩ። በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ድራማው እንዲያውም ቀነሰው።

ልጁ በእውነት የከፋው ዘግይቶ ነው፤ አንዱን ቦታ ለሁለት ሰው ሲሸጥ፣ ከገዢዎቹም አንዷ የድሮ እድራቸው አባል ሲሆኑ። እዚያ ላይ እኔም አልራራለትም፤ ማንም አላስገደደውም። ግን መቼ እንደሆነ ልብ በሉ። ሰፈሩ ተበትኖ፣ አንዱ ገላን ጉራ፣ ሌላው አራብሳ፣ ከተማው ዳር ከደረሰ በኋላ ነው። በድሮው ሰፈር ቢሆን ጠላ ቤት መግባቱ እንኳ ከሱ ቀድሞ እናቱ ጆሮ ይደርስ ነበር። የእድሩ ሽማግሌዎች ጠርተው ያፋጥጡታል፤ እናቱ ከቡና ጥሪ ትቀራለች፣ በሀፍረት። አሁን ማንን ይፈር? የብሎኩ ሰው ስሙን አያውቀውም። ሕጉ ራሱ ይህን ጉዳት ያውቀዋል፤ በ2011 የወጣው የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ ሲል በግልጽ ጽፏል። የሕግ አርቃቂ ያየውን የኪነ ጥበብ ሐያሲ ሳያየው ቀርቶ «የአስተዳደግ ጉድለት» ይለናል። አስተዳደግማ ነበረን። ያሳደገን ሰፈር ነው የሌለው።

ዳይሬክተሩን አነጋግራችኋል። ተዋናዩንም። የሥነ ልቦና ባለሙያም ጠርታችሁ «ለውጥን የመቀበል ችግር» አስብላችኋል፤ እግዜር ይስጥልን። ከተነሺዎች ግን አንድ ሰው አልተጠየቀም። ስልካችን እኮ ይሠራል፣ መብራት ባለ ቀን።

ስለዚህ እርማት አውጡ። ሐተታው ይቀጥላል ብላችኋልና ጸሐፊው እስከዚያ እኛ ጋ ይምጣ፤ ቡና እናፈላለን፣ ደረሰኞቹንም እናሳየዋለን። መንገድ ሲጠይቅ ብቻ «ካሳ የተቀበሉት ሰዎች የት ናቸው?» እንዳይል፣ የሚጠቁመው አያገኝም።

የቀድሞ የካዛንቺስ ነዋሪ
ከገላን ጉራ