ልጆቻችን ሳይታመሙ እኛን ጥሩን

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ
ለደሴ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ
ደሴ

ጉዳዩ፦ ስለ ልጆች ጭንቀትና ሱስ ለወላጆች ሥልጠና እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

የልጄን ዩኒፎርም ላጥብ ኪሱን ስገለብጥ የጫት ገራባ አገኘሁ። የደረቀ፣ እፍኝ የማይሞላ። ልጄ 16 ዓመቱ ነው። እጄን ከሳሙናው ሳላወጣ ጮህኩበት። አባቱም ሊመታው ተነሳ። ልጁ አንድ ቃል ሳይመልስ ክፍሉ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኪሱን ራሱ ያራግፍ ጀመር። በጩኸቴ ያስተማርኩት መደበቅን ብቻ ነው።

ትምህርት ቤቱ የጠራኝ ዘግይቶ ነው። ልጄ ክፍል ውስጥ እንደሚተኛ፣ ውጤቱም እንደወረደ ነገሩኝ። ምን ላድርግ ብዬ ብጠይቅ “ይምከሩት” አሉኝ። ፈርሜ ወጣሁ። እንዴት ብዬ እንደምመክረው ግን የነገረኝ የለም።

ነገሩን ያስረዳችኝ ጎረቤቴ ናት፣ ነርስ ነች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ “ሌሊት ይተኛል?” ብላ ነው። አይተኛም ነበር። በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከደሴ በእግር ስንወጣ 12 ዓመቱ ነበር። ከተመለስን በኋላም በር ጓ ሲል ይደነግጣል። እኔ “ወንድ ልጅ ነው፣ ይረሳዋል” ብዬ ተውኩት። ጫቱ የገባው በዚያ በኩል ነው። ሲቅም ፍርሃቱ ለጥቂት ሰዓት ይለቀዋል። ምርቃናው ሲወርድ ድብርቱ ብሶ ይመጣል፣ እንቅልፍም እምቢ ይላል። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ለመንቃት ደግሞ ይቅማል። ከዚያ ታላላቆቹ ምርቃናውን በመጠጥ መስበር ያሳዩታል፣ ጨብሲ የሚሉትን።

በእኛ በወሎ ጫት እንግዳ ነገር አይደለም። ዱዓው ላይ አለ፣ ከረከቦቱ አጠገብ አለ፣ ሽማግሌዎቻችን ይዘውት ይመርቃሉ። ስለዚህ “ጫት እርኩስ ነው” ብሎ የሚጀምር ሥልጠና እኛ ቤት አይሰማም። ልጁም “አያቴስ?” ይላል። መልስ ያስፈልገናል። አያቱ የሚቅሙት በሰው መሐል፣ በቀኑና በሰዓቱ ነው። ልጁ ተደብቆ፣ ፈተና በመጣ ቁጥር፣ ጭንቀቱን ለማምለጥ፣ አእምሮው ገና ሳይጠና ነው። ይህን አያቶችን ሳያስቀይም፣ ልጁንም ሳያሸማቅቅ የሚያስረዳን ባለሙያ እንፈልጋለን።

የዓለም ጤና ድርጅት ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ ሰው 18 ዓመት ሳይሞላው እንደሚጀምሩ ይናገራል። ያ ማለት ልጁ ገና እኛ ቤት፣ እኛ ዓይን ሥር እያለ ነው። ስለዚህ ወላጅ የሚጠራው ለካርድና ለጥፋት ብቻ አይሁን። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ከእኛ ጋር ይቀመጥ። ልጅ ዝም ሲል እንዴት እንደሚጠየቅ ያሳየን። “መኖር ሰለቸኝ” ካለ ደግሞ ምን እንደምንለው፣ በዚያው ቀን ወዴት ይዘነው እንደምንሮጥ ይንገረን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በራችንን ያውቁታል። ስለ ሕፃኑ ክትባት እንደሚጠይቁን ስለ ጎረምሳውም ይጠይቁን። ኢማሞቹና ቄሶቹም አብረው ይሠልጥኑ፣ ብዙ እናት መጀመሪያ የምትሄደው እነሱ ጋ ነውና።

ሕጉም አለ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልም ሲጋራም እንዳይሸጥ ይከለክላል። እኔ ግን ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ገዝቶ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። እባካችሁ ቁጥጥሩ ይጥበቅ። ጫት መሸጫውም ከትምህርት ቤት በር ይራቅልን።

ልጄ አሁን ይሻለዋል። ሌሊት ሲባንን ሄጄ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። “አብሽር” እለዋለሁ፣ ሌላ አልጨምርም። አንዳንዴ ራሱ ማውራት ይጀምራል። ይህንን ያሳየችኝ ያቺው ጎረቤቴ ናት፣ በር ላይ ቆማ፣ በአሥር ደቂቃ። በሰፈሬ እንዲህ ያለ ጎረቤት የሌላቸው ብዙ እናቶች አሉ። አዳራሽ ከጠፋ ሳሎኔ ሃያ ሰው ይይዛል። እናንተ ባለሙያውን ላኩልን፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የደሴ እናት