ሳቁ በማን ላይ ነው?

ውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽ? ስንት ዘመን ተጠፋፋን! ልጅሽ አድጎ መዋዕለ ሕፃናት ገባ ስትዪኝ ማመን አቃተኝ። በጣም ናፍቀሽኛል። መልእክትሽ መጨረሻ ላይ ያለችው ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። «እንደ ሌሎቹ መሆን ነው የምፈልገው ይለኛል» ብለሻል። የሚያስቅ የሥዕል መጽሐፍ ካለ ጠቁሚኝ ላልሽው ይኸው።

መጽሐፍ ስትመርጪ መጀመሪያ ሳቁ በማን ላይ እንደሆነ እዪ። የሚሳቀው ለየት ባለው ልጅ ላይ ከሆነ ተዪው። ሌላውን ለመምሰል በሚደረገው ልፋት ላይ ከሆነ ግን ግዢው።

እኔ ከሁሉም «ኤልመር»ን አስቀድማለሁ። ዴቪድ ማኪ መጀመሪያ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ በ1989 እንደገና ወጣ። ኤልመር ዝሆን ነው፤ ገላው ግን በቀለም በቀለም የተቆራረጠ ጨርቅ ተጋጥሞ የተሰፋ ይመስላል። መንጋውን የሚያስቀው እሱ ነው። አንድ ሌሊት «የሚስቁት በመልኬ ይሆን እንዴ?» የሚል ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳዋል። ሹልክ ብሎ ይሄድና የዝሆን ቀለም ባለው ፍሬ ላይ ተንከባሎ ግራጫ ይሆናል። ተመልሶ መሃላቸው ሲቆም የሚያውቀው ይጠፋል። ሁሉም ዝም፣ ሁሉም ኮስተር።

እዚህ ገጽ ላይ ልጅሽን እዪው። ኤልመር የትኛው እንደሆነ እሱ ያውቃል፤ ዝሆኖቹ አያውቁም። ልጆች አራት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው «እኔ የማውቀውን ሌላው ላያውቅ ይችላል» የሚለው ነገር ይገባቸው ይጀምራል። ስለዚህ ይህን ምስጢር ይዞ ዝም ማለት አይሆንለትም። ኤልመርም አያስችለውም፤ በድንገት «ቡ!» ብሎ ይጮኻል። ዝሆኖቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ዝናብ መጥቶ ግራጫውን ቀለም ያጥበዋል። ከዚያ ወዲያ በዓመት አንድ ቀን እነሱ ራሳቸውን ያሸበርቃሉ፣ ኤልመር ደግሞ ግራጫ ይቀባል። ማንም ማንንም አይመክርም። ልጁ ግን ኤልመር የጠፋ ጊዜ ሳቁም አብሮ እንደጠፋ አይቷል።

ሁለተኛው «ፈርዲናንድ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣ፣ ጽሑፉ የመንሮ ሊፍ፣ ሥዕሉ የሮበርት ላውሰን። ጥቁርና ነጭ ነው ብለሽ እንዳታልፊው። ፈርዲናንድ አበባ እያሸተተ መቀመጥ የሚወድ ኮርማ ነው። ንብ ላይ ይቀመጥና ስትነድፈው ሲዘል ያዩት ሰዎች «ይሄማ አንበሳ ነው!» ብለው ሰው ከኮርማ ጋር ለሚጋጠምበት ፍልሚያ ይወስዱታል። ሜዳው መሃል ገብቶ ምን ያደርጋል? ቁጭ ብሎ ሊያዩ የመጡትን ሴቶች የፀጉር አበባ ያሸታል። ይህ የዋህ ኮርማ በአምባገነኑ በፍራንኮ ዘመን ስፔን ውስጥ ታግዶ እንደነበር ታውቂያለሽ? ደግሞ የሚቀመጥበትን የቡሽ ዛፍ ልብ ብለሽ እዪው። ሠዓሊው የጠርሙስ ቡሾችን እንደ ፍሬ በዘለላ ሰቅሏቸዋል። ጽሑፉ ስለዚህ ትንፍሽ አይልም። ማንበብ የማይችለው ልጅ ካንቺ ቀድሞ ያገኘዋል።

የዴቪድ ሻነን የዥንጉርጉሯ ልጅ ታሪክም ግሩም ነው። ሰው ምን ይለኛል ብላ የምትወደውን አደንጓሬ መብላት ትተዋለች፤ ከዚያ ገላዋ ሰው የተናገረውን ሁሉ እየሆነ ይለዋወጣል። ግን ሥዕሎቹ ትንንሾቹን ያስደነግጣሉ፤ ትንሽ ይደግ።

«ቀስተ ደመናው ዓሣ»ን ብዙ ሰው ይወደዋል፤ እኔ ግን አልሰጥሽም። የሚያብረቀርቅ ቅርፊቱን አንድ በአንድ አድሎ አንዲት ስትቀረው ነው ወዳጅ የሚያገኘው። ስለ መካፈል ከሆነ ይሁን። እንደ ሌሎቹ ልሁን ለሚል ልጅ ግን ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው።

ስታነቢለት አትቸኩዪ። የሥዕል መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ናቸው፤ ቀልዱ የሚደበቀው ከሚገለጠው ገጽ ጀርባ ነው። ከመግለጥሽ በፊት ቆም በዪ፤ እሱ ይገምት። ስትጨርሺ ደግሞ «ምን ተማርክ?» እንዳትዪው፣ በናትሽ! ፈተና ያደረግሽበት ቀን ሳቁ ያከትማል። ድገሚልኝ ካለሽ ድገሚለት፤ አሥር ጊዜም ቢሆን።

በ«ኤልመር» ጀምሪና የቱ ገጽ ላይ እንደሳቀ ጻፊልኝ። ያንቺንም ወሬ ጨምሪበት፤ ሥራውስ እንዴት ነው?

የምትወድሽ
ጓደኛሽ