ቦይለር ስንረከብ የፍተሻውን ምስልም እንረከብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ፋብሪካዎች አዲስ ቦይለር ወይም የግፊት ታንክ ሲረከቡ ብየዳው ለመመርመሩ የሚሰጣቸው ማስረጃ፣ በሥራዬ እንደማየው፣ ብዙ ጊዜ «ጉድለት አልተገኘም» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ብቻ ነው። ይህ አሠራር እንዲቀየር የሚመለከታቸውን ሁሉ ለመጠየቅ ይህችን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በአንድ ፋብሪካ የቆየ ቦይለር ስንመረምር ያጋጠመን ነገር ችግሩን በግልጽ ያሳያል። የብየዳው መስመር ተጠርጎ፣ ጄል ተቀብቶ፣ የአልትራሳውንዱ ፕሮብ (ድምፅ ወደ ብረቱ የሚልከውና ተመላሹን የሚቀበለው መሣሪያ) በዝግታ ሲሄድበት ከብረቱ ውፍረት መሐል ላይ ቁመቱ አራት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ምልክት በስክሪኑ ታየ። ምልክቱ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ የነበረ የብየዳ ዝቃጭ (ሲበየድ በውስጡ የቀረ ባዕድ ቁስ) ነው ወይስ በአገልግሎት ዘመኑ የተፈጠረና እያደገ ያለ ስንጥቅ? ወደ ርክክቡ ሰነድ ብንመለስ ያገኘነው ያንኑ ማኅተም ነበር። ቦይለሩ እንዲቆም ተደረገ፤ ብየዳው ተፍቆ ሲታይ የቆየ ዝቃጭ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ምስል በእጃችን ቢኖር ኖሮ ሁለቱን አስተያይተን ምርት ሳይቆም መልሱን በደረስንበት ነበር።

በተለመደው የአልትራሳውንድ ፍተሻ ፕሮቡ ድምፁን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይልካል፤ በብረት ውስጥ በሰከንድ 5,900 ሜትር ያህል የሚጓዘው ይህ ድምፅ ጉድለት ሲያገኝ ተመልሶ በስክሪኑ ላይ ሹል ምልክት ያወጣል። ስንጥቁ ለድምፁ ጎኑን ካልሰጠ ግን ሊያመልጥ ይችላል፤ ውጤቱም በመርማሪው እጅና ዓይን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ፌዝድ አሬይ የሚባለው ዘዴ በአንድ ፕሮብ ውስጥ 16፣ 32 ወይም 64 ጥቃቅን ድምፅ አመንጪዎችን በእጅግ አጭር የጊዜ ልዩነት እያስነሣ የድምፁን አቅጣጫ ያለማቋረጥ ይቀይራል፤ የብየዳውንም የውስጥ ገጽ በምስል ያወጣል። ቲ ኦ ኤፍ ዲ ደግሞ ከብየዳው ግራና ቀኝ በሚቀመጡ ሁለት ፕሮቦች ከስንጥቁ ጫፎች የሚበተነውን ድምፅ ተቀብሎ የስንጥቁን ቁመት ይለካል፤ ስንጥቅ ማደግ አለማደጉን ለማወቅ ዋናው ነገርም ይኸው ልኬት ነው። የፕሮቡ ቦታ ከምስሉ ጋር አብሮ ከተመዘገበ ከዓመታት በኋላ በዚያው ነጥብ ላይ ማወዳደር ይቻላል።

የዘዴ ምርጫ ምን ያህል እንደሚወስን አቪዬሽኑ በከባድ ዋጋ ተምሯል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 2018 የሳውዝዌስት አየር መንገድ ቦይንግ 737-700 በበረራ ላይ ሳለ ከአንዱ ሞተሩ 24 የፋን ምላጮች አንዱ በድካም ስንጥቅ (በተደጋጋሚ ጫና በሚፈጠር ስንጥቅ) ከሥሩ ተሰብሮ አንዲት ተሳፋሪ ሕይወቷን አጥታለች። ምላጩ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ስንጥቅ ሰርጎ በመግባት ስንጥቁን በሚያሳይ ፈሳሽ ተመርምሮ ነበር፤ ስንጥቁ ግን በዚያን ጊዜ ሳይታይ ሳያልፍ እንዳልቀረ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ደምድሟል። ከአደጋው በኋላ በቀናት ውስጥ የአገሪቱ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ብዙ የበረሩ ምላጮች በ20 ቀናት ውስጥ በአልትራሳውንድ እንዲፈተሹ አስቸኳይ ትእዛዝ አወጣ፤ ሥራው ሞተሩ ከክንፉ ሳይወርድ በአራት ሰዓት ገደማ የሚያልቅ ነው። የእኛም አየር መንገድ የሚያበርራቸው 737-800 አውሮፕላኖች የዚሁ ሞተር ቤተሰብ ተጠቃሚዎች ናቸው፤ በአየር ላይ ግዴታ የሆነው ጥንቃቄ በምድር ላይ ባለው ቦይለር የሚቀልበት ምክንያት አይታየኝም።

መሣሪያው ውድ ነው፣ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ይህን አልክድም። ቲ ኦ ኤፍ ዲም ቢሆን ከብረቱ ገጽ አጠገብ ያለን ስንጥቅ ሊስት ስለሚችል በሌላ ዘዴ መታገዝ አለበት። የምጠይቀው ግን ፋብሪካው መሣሪያ እንዲገዛ አይደለም። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች፣ አቅራቢው ወሳኝ ብየዳዎችን ምስል በሚመዘግብ ዘዴና በአይ ኤስ ኦ 9712 (የፍተሻ ባለሙያዎች ብቃት በሚረጋገጥበት ዓለም አቀፍ ደረጃ) ብቃቱ በተረጋገጠ ባለሙያ እንዲያስፈትሽ፣ ጥሬ መረጃውንም ከፕሮቡ ዓይነትና ከመለኪያ ቅንብሩ ጋር እንዲያስረክብ የሚያስገድድ አንቀጽ ይጨምሩ፤ የመጨረሻው ክፍያም ይህ ሳይሟላ አይልቀቅ። ፋብሪካዎችም መረጃውን ከቦይለሩ ማኅደር ጋር ቦይለሩ ከአገልግሎት እስኪወጣ ድረስ ያቆዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የብየዳ ፍተሻ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ