ጉዳዩ፦ በ1000 ቮልት ብቻ ተሞክሮ «እክል የለበትም» ስለተባለው ፓወር ሰፕላይ

ለጥገናና ደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ።

የነገሩን መነሻ፣ ማለትም ለዲቴክተራችን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ፓወር ሰፕላያችሁ ኖይዝ (ያልተፈለገ የቮልቴጅ መረበሽ) እንደሚያወጣ፣ በዝርዝር አልደግመውም። ፋይሉ እናንተው ጋ ነው። በደወልኩ ቁጥር «እስኪ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» መባሉ ሰልችቶኛል። የዛሬው ደብዳቤ ስለ አንድ ወረቀት ነው፤ መሣሪያውን ስትመልሱልኝ ካርቶኑ ውስጥ ስለከተታችሁት የምርመራ ሪፖርት።

ሪፖርቱ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። «የተሞከረበት ቮልቴጅ፦ 1000። ሎድ፦ የለም። ውጤት፦ እክል አልተገኘም።» ከሥሩ ፊርማ። አለቀ።

መሣሪያውን ከመላኬ በፊት ከባለሙያችሁ ጋር በስልክ የተነጋገርነውን ላስታውሳችሁ። እያወራን እጽፍ ስለነበር አልተሳሳትኩም። ኖይዙ ከ2200 ቮልት በታች ጨርሶ እንደማይታይ ነገርኳቸው። እኛ የምንሠራው በ2500 ስለሆነ በዚያው ይሞከርልን፣ ያውም ከሎድ (ኤሌክትሪኩን ከሚስብ ጭነት) ጋር፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት በርቶ አልኩ። «ሁለት ሺህ አምስት መቶ፣ ከሎድ ጋር፣ አንድ ሰዓት» ብለው መልሰው አነበቡልኝ። «ጻፉት?» አልኳቸው። «ጽፌዋለሁ፣ አይስጉ» አሉኝ።

ትኩሳቱ ማታ ማታ የሚነሳበትን በሽተኛ ጠዋት ለክቶ «ደህና ነህ፣ ሂድ» ማለት እንዲህ ነው።

ሪፖርቱን እንዳየሁ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት እኚሁ ባለሙያ ናቸው። በ1000 ለምን እንደተሞከረ ስጠይቅ «መደበኛ አሠራራችን ነው» አሉ። «የተስማማነውስ?» ስላቸው ዝም። ትንሽ ቆይተው «እቃው ደህና ነው፤ ችግሩ እናንተ ጋ ነው። ግራውንዳችሁን (የመሬት መስመራችሁን) አስተካክሉ» አሉኝ። የላክናቸውን የኦሲሎስኮፕ (ሞገዱን በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) ፎቶዎች አይተዋቸው እንደሆነ ጠየቅኩ። «ፎቶ ማየት የእኔ ሥራ አይደለም» አሉ። ደግሜ ስጠይቅ «ካላመኑ ክዳኑን ከፍተው ራስዎ ይዩት» ብለው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ክዳኑን ልክፈተው? እናንተው የለጠፋችሁት ስቲከር «ከተነሳ ዋስትናው ይቀራል» ይላል። ከዋስትናው በላይ ደግሞ የሰው ሕይወት አለ። የከፍተኛ ቮልቴጅ መሣሪያ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ውስጥ ቻርጅ ሊቀር ይችላል። ይህን ለደንበኛ ማስጠንቀቅ የነበረባቸው እሳቸው ናቸው።

ወደ ግራውንዱ ልመለስ። ዲቴክተሩን ነቅለን በምትኩ 10 ሜጋኦም ሬዚስተር ብቻ አገናኘን። ኖይዙ አልተነቃነቀም። በክፍሉ ያሉ ሌሎች መሣሪያዎችን በሙሉ አጠፋን፤ ያው ነው። የኦሲሎስኮፑ ፕሮብ (የመለኪያው መንኪያ ጫፍ) ረዥም የግራውንድ ሽቦ ራሱ ኖይዝ ስለሚሰበስብ አውልቀን በአጭሩ ስፕሪንግ ተካነው። የግራውንድ ሉፕ (በመሬት መስመሮች መካከል የሚዞር ጅረት) ቢሆን ኖሮ ከመስመሩ ድግግሞሽ ጋር የሚሄድ፣ 50 ወይም 60 ኸርዝ ወይም የእነሱ እጥፍ የሆነ ሞገድ እናይ ነበር። የምናየው ግን እንደፈለገ የሚዘል ስል ጫፍ ነው። ማኑዋላችሁ ሪፕሉ (የውጤት ቮልቴጁ መዋዠቅ) ከ20 ሚሊቮልት አይበልጥም ይላል፤ እኛ እስከ 300 ሚሊቮልት የሚወጣ ለክተናል። ቮልቴጁን ከፍ ስናደርግ ከ2200 ላይ ድንገት ይጀምራል፤ ዝቅ ስናደርግ ይጠፋል። አየሩ እርጥበት ሲኖረው ይብሳል። ክፍሉ ጸጥ ሲል ደግሞ ከማናፈሻው በኩል ሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የኦዞን ሽታም አለው።

ይህ ሁሉ የሚጠቁመው ኮሮናን፣ ማለትም ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ አየር የሚያፈስሰውን ዲስቻርጅ ነው። ውስጥ የሆነ ቦታ ሹል የብየዳ ጫፍ አለ፣ አቧራ ገብቷል ወይም ኢንሱሌሽኑ ተሰንጥቋል። ለማረጋገጥ ከሌላ ላብራቶሪ የእናንተኑ ያንኑ ሞዴል ተዋስን። ያው ኬብል፣ ያው ሶኬት፣ ያው ሎድ። ኖይዙ ድራሹ ጠፋ። ግራውንዳችን መጥፎ ከሆነ ያኛውን መሣሪያ ለምን ማረው?

ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ባልደረባችሁ «ፊልተር ጨምሩበት» ብለውን ነበር። 100 ኪሎኦም ሬዚስተር ከ10 ናኖፋራድ ካፓሲተር ጋር ብናደርግ ከ159 ኸርዝ በላይ ያለውን ይቀንስልናል፤ እሱን እናውቃለን። ግን ሎዱ በሚስበው 0.25 ሚሊአምፒር ሬዚስተሩ ላይ 25 ቮልት እናጣለን። ይባስ ብሎ ፊልተሩ ኖይዙን ይሸፍናል እንጂ ዲስቻርጁን አያስቆመውም። ዲስቻርጁ ኢንሱሌሽኑን እየበላ ይቀጥላል፤ አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ይበሳዋል። ያን ቀን ዋስትናው አልፎበት ይሆናል። ይህ የታሰበበት ነው አልልም።

ካነሳሁት አይቀር፣ የውጤት ማያያዣው መከላከያ ክዳን ሳይኖር ነው የተመለሰልን። ማኑዋሉ ላይ የጥገና ምዕራፍ ይገኛል የተባለው ገጽ የለም። የጉዳይ ቁጥራችን በየጊዜው ስለሚቀየር ኢሜይል የምጽፈው ለማን እንደሆነ ግራ ገብቶኛል። ዋስትና ላይ ላለ እቃ፣ በተስማማነው መንገድ ላልተደረገ ምርመራ የክፍያ ደረሰኝ ተልኮልኛል። እሱን አልከፍልም።

ስለዚህ መሣሪያው በእናንተ ወጪ ተወስዶ በ2500 ቮልት፣ ከ10 ሜጋኦም ሎድ ጋር፣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይሞከር። የኦሲሎስኮፑ ምስል ከነመለኪያው ይላክልኝ፤ «እክል አልተገኘም» የሚል ቃል ብቻውን አልቀበልም። የምርመራ ክፍያው በጽሑፍ ይሰረዝ። መልሱ በዚህ ሳምንት ካልደረሰኝ ጥገናውን ትቼ አዲስ መሣሪያ እጠይቃለሁ። እሱም ከዘገየ ገንዘባችን ይመለስ። ከእኚህ ባለሙያ ጋር በስልክ ከእንግዲህ አልነጋገርም፤ የምትሉኝን ሁሉ በጽሑፍ አድርጉልኝ።

ፎቶዎቹን እንደገና አያይዣለሁ። ማየት የማን ሥራ እንደሆነ እናንተው ወስኑ።

ከሰላምታ ጋር
የላብራቶሪው ኃላፊ

ግልባጭ፦ ለግዥ ክፍላችን