የኤሌክትሪክ መኪና ለሚያስገቡ ፈቃድ ሲሰጥ የጥገናና የመለዋወጫ ግዴታም አብሮ ይሰጥ

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዢዎች ከሽያጭ በኋላ የሚያገኙትን አገልግሎት ይመለከታል

ክቡራን ሚኒስትሮች፣

ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት የኤሌክትሪክ መኪና የገዛሁ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. መወሰኑን ሲያስታውቅ ከደገፉት አንዱ ነበርኩ፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ነዳጅ የምንገዛው በብርቱ በሚፈለገው የውጭ ምንዛሪ ነው፤ መብራቱን የምናመነጨው ግን ከራሳችን ወንዞች ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ፖሊሲውን ለመቃወም አይደለም። ዜጋው ከእንግዲህ አዲስ መኪና ልግዛ ቢል የኤሌክትሪኩን እንዲገዛ የተወሰነው በመንግሥት ከሆነ፣ ከገዛ በኋላ ከሻጩ ጋር ብቻውን እንዲሟገት መተው አይገባም ለማለት ነው።

በሥራ ቦታዬና በሰፈሬ የማውቃቸው ዘጠኝ ባለመኪናዎችና እኔ ባለፉት ወራት እየተገናኘን መኪናዎቻችንን ጎን ለጎን አቁመን ስናነጻጽር ቆይተናል። በአሠራር በኩል እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ የቻይና ሥሪቶች እንደሚታሙት አይደሉም። የበራቸው አገጣጠም፣ የቀለማቸው ጥራትና የወንበራቸው ስፌት ከአሮጌ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ለመጣ ሰው የሚያስደስት ነው። ጉድለት ያየነው ከመንገዳችንና ከአየራችን ጋር በተያያዘው በኩል ነው። ለለሰለሰ አስፋልት ታስቦ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ መኪና በኮብልስቶንና በየሰፈሩ በተሠራው የፍጥነት መቀነሻ ላይ ሆዱ ይመታል፤ ከሆዱ ሥር የተዘረጋው ደግሞ ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ውዱ የሆነው ባትሪ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ባለፈው ሐምሌ አንድ ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ባደረ ማግስት የኋላውን በር ስከፍት መኪናው እርጥብ እርጥብ ሸተተኝ። ምንጣፉን በእጄ ስጫነው ውሃው በጣቶቼ መካከል ወጣ። የበሩ ጎሚኒ ከላይኛው ማዕዘን የጣት ስፋት ያህል ተላቆ ነበር። ወደ ሸጠልኝ ድርጅት ወሰድኩት። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ በትሕትና ተቀብላ ቅጽ አስሞላችኝ፤ ከሦስት ቀን በኋላ በስልክ የደረሰኝ መልስ ግን ውሃ ያበላሸው ነገር በዋስትና አይሸፈንም የሚል ሆነ። ውሃው የገባው በእኔ ጥፋት ሳይሆን በጎሚኒው መላቀቅ መሆኑን ባስረዳም የሚሰማኝ አላገኘሁም። ዋስትናው የት እንደተጻፈ ስጠይቅ የታየኝ ወረቀት አንዲት ገጽ ነበረች፤ እሷም የምትለው የአምራቹ ዋስትና ተፈጻሚ ይሆናል ብቻ ነው። ያ መኪና ግን ለቻይና ገበያ ተሠርቶ ለቻይና ገዢ ዋስትና የተገባለት ነው፤ ድንበር ሲሻገር የአምራቹ ቃል አብሮት አልተሻገረም። ይህን የሚያውቀው ሻጩ ነው፤ እኔ ያወቅሁት ምንጣፉን አድርቄ ስጨርስ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስተማረን አንድ ዓይነት ሞዴል የገዙ የሁለት ባልደረቦቻችን ጉዳይ ነው። አንደኛው የገዛው የአምራቹ ውክልና ካለው አከፋፋይ ነው፤ የመኪናው ስክሪን በእንግሊዝኛ ያነባል፣ የአገልግሎት ደብተር አለው፣ የባትሪው ዋስትና ስንት ዓመትና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚዘልቅ በጽሑፍ ተሰጥቶታል። ሁለተኛው ዋጋው ቀነስ ስላለለት በራሱ መንገድ ከሚያስገባ ነጋዴ ገዛ። በስክሪኑ ላይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ሲበራ ጽሑፉ ቻይንኛ ነው። አብረን ጋራዥ ሄደን ነበር፤ መካኒኩ ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አንስቶ በመተርጎሚያ ሲያነበው ስለ ማቀዝቀዣው ውሃ የሚናገር ሆኖ «አከፋፋይዎን ያነጋግሩ» ይላል። የሸጠለት ነጋዴ ሱቅ በዚያ ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ሁለቱ መኪናዎች በቆርቆሮም፣ በሞተርም፣ በባትሪም ልዩነት የላቸውም፤ የተለያዩት ከኋላቸው ኃላፊነት የሚወስድ አካል በመኖሩና ባለመኖሩ ነው።

በአገራችን የመኪና ጥራት የሚለካው ከፋብሪካ በወጣበት ሁኔታ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባችው ላዳ ያን ያህል ዘመን ታክሲ ሆና የሠራችው እንከን የለሽ ስለነበረች ሳይሆን ያልለመዳት መካኒክ ስላልነበረና ዕቃዋም በቀላሉ ስለሚገኝ ነው። ቮልስም እንዲሁ ነበረች። ቶዮታ በሕዝቡ ዘንድ ያገኘው እምነትም ከጥንካሬው ባሻገር፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ከፍሪሲዮን እስከ ፓራውልት ማግኘት ስለሚቻልና ገጠር ከተማ ውስጥ ያለው መካኒክ ሳይቀር ሆዱን ስለሚያውቀው የመጣ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ሁሉ እንደገና ከሥሩ መገንባት ይጠይቃል። ብልሽቱ የሚነበበው በአምራቹ ሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌሩን የሚከፍተው ደግሞ አምራቹ የፈቀደለት ነው። በብርቱካንማ ሽፋን የተለበጡት ገመዶች የሚያስተላልፉት በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሆነ ያልሠለጠነ እጅ ቢነካቸው ሰው ይሞታል። ጎበዝ የተባሉ የሰፈር መካኒኮች «ይሄን አልነካም» ብለው ሲመልሱን ልክ ናቸው፤ ታዲያ ወደ ማን እንሂድ?

ሕጉ ባዶ እጃችንን አልተወንም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችልም ይደነግጋል። ነገር ግን 15 ቀን ለጫማና ለብረት ምጣድ እንጂ ለመኪና አይበቃም። በጥር የተገዛ መኪና ጎሚኒው መላቀቁ የሚታወቀው በሐምሌ ነው። ለተሽከርካሪ የተለየ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምትን የሚያካትት የዋስትና ጊዜ በመመሪያ እንዲወሰን እንጠይቃለን። ዋስትናው በአማርኛ ይጻፍ፤ ምን እንደሚሸፍን፣ ማን እንደሚጠግን፣ ዕቃው በስንት ቀን እንደሚመጣ ይዘርዝር።

ይህን ለማስፈጸም የሚያስችል ጉልበት ደግሞ በእጃችሁ አለ። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ፣ ሙሉ ለሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው የጉምሩክ ቀረጡን 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባው 5 በመቶ አድርጎ፣ ተበታትኖ ለሚመጣው ጨርሶ አንስቶታል። ይህ የሕዝብ ገንዘብ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የታገዘ አስመጪ በምላሹ የጥገና ቦታ፣ የሠለጠነ ባለሙያ፣ የብልሽት መመርመሪያ መሣሪያና ቶሎ የሚያልቁ መለዋወጫዎች ክምችት እንዳለው አሳይቶ ፈቃድ እንዲያገኝ መጠየቅ ከባድ ነገር አይደለም። አቅም የሌላቸው ትናንሽ አስመጪዎች ተባብረው አንድ ጋራዥ ሊያቋቁሙ ይችላሉ። ሱቁን ዘግቶ ለሚጠፋው ነጋዴ ደግሞ በባንክ የሚያዝ መያዣ ገንዘብ ይኑር፤ ባልደረባችን ያኔ መያዣ ቢኖር ኖሮ የሚጠይቀው ቦታ አያጣም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የሚመለከተው በተለይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርን ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ሲዘጋጅ የኤሌክትሪክ መኪና በመንገዳችን ላይ አልነበረም። ቦሎ ለማሳደስ ስሄድ ፍሬኑ፣ መብራቱና ጎማው ታየ፤ የመኪናው ልብ የሆነው ባትሪ ግን ማንም አልጠየቀበትም። የባትሪው ቀሪ አቅም በመቶኛ በዓመታዊው ምርመራ ላይ ተለክቶ ቢመዘገብ፣ ሁለተኛ እጅ የሚገዛው ሰው በደላላ ወሬ ብቻ አይነዳም፤ ከሆዱ የተመታ ባትሪም አደጋ ሳያደርስ በጊዜ ይታወቃል።

ዘጠኙ ባልደረቦቼና እኔ የየመኪናችንን የግዢ ውል፣ ከሻጮች ጋር የተጻጻፍናቸውን ደብዳቤዎችና የብልሽቶቹን ፎቶዎች በአንድ ማኅደር አዘጋጅተናል፤ በቀጠራችሁን ቀንና ሰዓት ይዘን ለመቅረብ ዝግጁ ነን። መመሪያው ተረቅቆ ከሆነም ከመጽደቁ በፊት ባለመኪናዎች አስተያየት የምንሰጥበት መድረክ እንዲከፈትልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የእኔ መኪና ጎሚኒ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ማዕዘኑን በማጣበቂያ ይዤዋለሁ፣ ክረምቱም ደርሷል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት
አዲስ አበባ