ጉዳዩ፦ ለጆርጅ ታውን የመጀመሪያ ሌሊት የከፈልኩት ገንዘብና የቱሪስት ግብር እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ለጉዞ ወኪሉ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ከቢሯችሁ በገዛሁት የማሌዥያ ጉዞ ጆርጅ ታውን ላይ የነበረኝ ሁለት ሌሊት ብቻ ነው። ከኳላ ላምፑር ወደ ታይላንድ ሳልፍ፣ ቦርሳዬን በጀርባዬ አዝዬ፣ ወረድ ብዬ ላያት ነበር። አንዷ ሌሊት በበር ላይ አለቀች።

የሰጣችሁኝ ወረቀት «ባቡሩ ፔናንግ ያደርስዎታል» ይላል። አደረሰኝ፤ ግን ባተርዎርዝ ነው፣ ከባሕሩ ወዲህ። ጆርጅ ታውን ያለችው ማዶ ፔናንግ ደሴት ላይ ነው። ሰው ጠይቄ በፌሪ ተሻገርኩ። እሱስ ይሁን፣ የከተማዋን መብራት እያዩ መሻገር ደስ ይላል።

ቹሊያ ጎዳና ያለው ማረፊያ ስደርስ ከምሽቱ 4:30 ሆኗል። ወረቀታችሁ «እንግዳ ተቀባይ 24 ሰዓት» ይላል። በሩ ግን ተቆልፏል። በፕላስተር የተለጠፈች ቁራጭ ወረቀት ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ደወልኩ። ስልኩ ከበሩ ውስጥ ሲጮህ ሰማሁት! በመስታወቱ ሳይ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ወደ እናንተም ደወልኩ። አዲስ አበባ ገና ከቀኑ 11:30 ነው፤ ማንም አላነሳም።

ዝናብ መጣ። ደግነቱ በድሮዎቹ ሱቆች ፊት ጣሪያ ያለው የእግረኛ መተላለፊያ አለ። ቦርሳዬ ላይ ቁጭ አልኩ፣ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት። እዚያው ያረፈ አንድ ልጅ ከእራት ሲመለስ አስገባኝ። አልጋዬ ላይ ሰው ተኝቷል። ኮሪደር ላይ ባለች ሶፋ፣ ቦርሳዬን ተንተርሼ አደርኩ።

ጠዋት ደግሞ የቱሪስት ግብር ክፈል ተባልኩ። በአገሩ ሕግ የውጭ ዜጋ የሚከፍለው ለአንድ ክፍል በሌሊት 10 የማሌዥያ ሪንጊት ነው። ለክፍሉ እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም። እኛ ክፍል ውስጥ 6 አልጋ አለ፤ ከሁላችንም አስር አስር ተቀበሉ። ከእኔ የሁለት ሌሊት 20 ሪንጊት ወሰዱ። ሶፋዋም ክፍል ሆነች ማለት ነው። የእናንተ ደረሰኝ ደግሞ «ግብርን ጨምሮ» ይላል።

ከተማዋ ምንም አልበደለችኝም። በአንድ መንገድ ላይ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1818 የሠሩት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ የቻይኖችና የታሚሎች ቤተ መቅደሶች፣ ከዚያ የካፒታን ክሊንግ መስጊድ ይከታተላሉ። ትንሽ አለፍ ሲሉ አርመን ጎዳና አለ። አርመን ሰፈር ላደግኩት ለእኔ ታፔላው ራሱ አሳቀኝ። ይህን ሁሉ ያየሁት እንቅልፍ እየጣለኝ ነው። የኩ ጎሳ ቤትና ባሕሩ ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆመው የቹ ጎሳ መንደር ቀሩብኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሌሊት ክፍያና 20 ሪንጊቱ በብር ተሰልቶ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። «24 ሰዓት» የሚለውንም ከወረቀታችሁ ሰርዙልኝ፤ ስለ ባተርዎርዝም አንድ መስመር ጨምሩበት። በ15 ቀን ውስጥ መልስ እጠብቃለሁ። ደረሰኞቹንና የሶፋዋን ፎቶ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ