ለልጄ፦ ስለ ትንንሾቹ የእንግሊዝኛ ቃላት

ውድ ልጄ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው እሑድ በስልክ ስናወራ፣ የነርስነት ትምህርትሽን ጨርሰሽ ወደዚህ ከመምጣትሽ በፊት አንድ ሺህ የእንግሊዝኛ ፈሊጦችን በቃልሽ ለመያዝ እንዳሰብሽ ነግረሽኝ ነበር። ነገሩ እኔን በሥራዬ ላይ ብዙ ያስጨነቀኝ ስለሆነ፣ በስልክ ጥድፊያ ከምመልስልሽ ተረጋግቼ መጻፉን መረጥሁ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ረዳት አስታማሚ ሆኜ ተቀጠርሁ። አንድ ማለዳ ቁርስ በማቀርብበት ሰዓት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ክንዴን ጨበጥ አድርገው «አይም ጎና ስሮው አፕ» አሉኝ። «ስሮው» መወርወር፣ «አፕ» ወደ ላይ መሆኑን ስለማውቅ፣ ሊወረውሩት የፈለጉት ነገር ምን ይሆን እያልሁ ዐይኔ በትሪው ላይ ተንከራተተ። እርሳቸው ግን «ሊያስመልሰኝ ነው» ማለታቸው ነበር። ዕቃ ሳላቀርብላቸው ልብሳቸው ላይ አስመለሳቸው፤ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ስለሆነባቸውም አለቀሱ። «ቮሚት» ቢሉኝ ኖሮ ወዲያው እደርስላቸው ነበር፤ ነገር ግን ሰው ሲያመው ከመማሪያ መጽሐፍ ቃል መርጦ አይናገርም። በዚያው ሰሞን «ፓስት አውት» ማለት ራሱን ሳተ፣ «ፓስት አወይ» ማለት ደግሞ ዐረፈ መሆኑን ለየሁ። ለቤተሰብ ደውለሽ የምትነግሪው ወሬ በዚያች መጨረሻ ላይ ባለችው ትንሽ ቃል ይለወጣል።

ይህ ችግር ከስንፍናችን የመጣ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1066 ከፈረንሳይ የተነሡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥቱ፣ ላቲን ደግሞ የቤተ ክህነቱና የትምህርቱ ቋንቋ ሆነው ለረጅም ዘመን በመቆየታቸው፣ ከእነርሱ የተወረሱት ቃላት በመጽሐፍና በደብዳቤ ሲከብሩ፣ የአገሬው አጫጭር ግሦች የቤትና የገበያ መነጋገሪያ ሆነው ቀጠሉ። እኛ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ስንማር የያዝነው በአብዛኛው ያንን የከበረውን ክፍል ነው። እኛ «ፖስትፖን»፣ «ቶለሬት»፣ «ኤክስቲንግዊሽ» የምንለውን እዚህ ሰዎች «ፑት ኦፍ»፣ «ፑት አፕ ዊዝ»፣ «ፑት አውት» ይሉታል። ግሡ በሦስቱም ላይ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን አንዴ ቀጠሮ ማስተላለፍ፣ አንዴ ችሎ መኖር፣ አንዴ እሳት ማጥፋት ይሆናል።

አማርኛችንም እኮ እንዲሁ ነው። «ልብ አለ» አስተዋለ ነው፤ «ልብ ገዛ» በሰለ ነው፤ «ልብ አወለቀ» ደግሞ ነዘነዘ፣ አሰለቸ ነው። አያትሽ ወንድምሽን እያዩ «ይህ ልጅ መቼ ይሆን ልብ የሚገዛው?» ሲሉ ማንም ተርጉሞልሽ አያውቅም። ማን ለማን፣ በምን ፊት፣ ምን ከተደረገ በኋላ እንደተናገረው አይተሽ ነው የገባሽ። ስለዚህ ያንን የአንድ ሺህ ዝርዝር ተዪው እልሻለሁ። ደብተርሽ ላይ ሙሉውን ዐረፍተ ነገር፣ የተናገረውን ሰውና ያናገረውን ነገር ጭምር ጻፊ። አንዲት ነርስ ፈረቃዋን ስታስረክበኝ «ኪፕ አን አይ ኦን ሂም» ያለችኝን «ዐይንሽን ከእርሱ ላይ አትንቀዪ» ብዬ ከታካሚው ሁኔታ ጋር በደብተሬ ስለጻፍሁት፣ ዛሬም ድምፅዋ በጆሮዬ አለ።

ዝርዝር ውስጥ የምታገኚያቸው ሁሉ እኩል አይጠቅሙም። ዝናብ ሲበረታ ድመቶችና ውሾች ዘነቡ ይባላል ብለው አስተምረውናል፤ እኔ ግን በኖርሁባቸው 11 ዓመታት ከማንም አፍ አልሰማሁትም። በየቀኑ የምሰማው «አይም ጉድ» የሚለውን ነው። ውኃ ልጨምርልዎ ብዬ ስጠይቅ እንዲህ ሲሉኝ እሺታ እየመሰለኝ እቀዳ ነበር፤ ለካስ «ይብቃኝ» ማለታቸው ነው። አንቺም ሰው ቤት ተጋብዘሽ በይሉኝታ ይህን ብትዪ፣ እዚህ «በሞቴ» ብሎ ደግሞ የሚለምን ስለሌለ ሳህኑ ይነሣል።

ጆሮሽን ማስለመዱ ከሁሉ የከበደው ሥራ ይሆናል። «ፑት ኢት ኦፍ» በወረቀት ላይ ሦስት ቃል ነው፤ አሜሪካዊ ሲናገረው ግን በሁለት አናባቢ መካከል የገባው «ት» ላልቶ ወደ «ድ» ስለሚጠጋ «ፑዲዶፍ» የሚል አንድ ቃል ሆኖ ይሰማሻል። ድምፁም የሚጠብቀው ግሡ ላይ ሳይሆን መጨረሻው ላይ ነውና ጭራውን አድምጪ። «አጥፊው» ለማለት «ተርን ኢት ኦፍ» ይባላል እንጂ «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም፤ «ተንከባከቢያት» የሚለው «ሉክ አፍተር ኸር» ግን መካከሉ አይከፈትም። ይህን እንደ ሕግ ከምታጠኚው እየደጋገምሽ ጮክ ብለሽ ብትዪው አፍሽ ራሱ ይለምደዋል።

በሚቀጥለው እሑድ ስደውልልሽ ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ። በሳምንቱ ከታካሚዎቼ የሰማኋቸውን አምስት ዐረፍተ ነገሮች ልክ እነርሱ እንደሚናገሩት አፍጥኜ እነግርሻለሁ፤ አንቺ የሰማሽውን ጽፈሽ መልሰሽ ታነቢልኛለሽ።

የምትናፍቅሽ እናትሽ